ቋንጣ ደረቀ ማለት በሰለ ማለት አይደለም

ጥር ላይ ፍኖተ ሰላም ገበያ ቋንጣ ልገዛ ወርጄ ነበር። ለጥምቀት የመጡ እንግዶች ቤት ውስጥ አሉ፤ ጠዋት ፍርፍር ልሠራላቸው ነው። ሻጯ ጠና ያሉ እናት ናቸው። የእኔ ዓይን ያረፈው በርበሬ የተቀባው፣ ደመቅ ብሎ የቀላው ላይ ነው። እሳቸው ግን ከሥር አንድ ጠቆር ያለ፣ ምንም ያልተቀባ ዝልዝል መዘው ሰጡኝና «መልኩን ተይው ልጄ፣ እስኪ ስበሪው» አሉኝ። አጠፍኩት። ቀጭ አለ። የተሰበረው ቦታ ከውጭ እስከ መሀል አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፤ ርጥበት የሚባል የለውም። ቀጥዬ ያን የወደድኩትን ቀዩን አጠፍኩት። እንደ ጎማ ተለምጦ ተመለሰ። «እሱ ገና ነው። ሦስት ቀን ይቀረዋል። ዛሬ የምታበስይው ከሆነ ውሰጂው፣ የምታስቀምጪው ከሆነ ግን ይቅርብሽ» አሉኝ።

እኒህ እናት ያሳዩኝ ነገር ስለ ቋንጣ ሊታወቅ የሚገባው ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ላይ ግን ብዙ የተምታታ ወሬ አለ። አንዱ «ጨውና በርበሬ ሁሉን ይገድላል፣ ቋንጣ ሰውን አያሳምምም» ይላል። ሌላው ደግሞ በቴሌግራም «ቋንጣ ካንሰር ያመጣል፣ አትብሉ» እያለ ያዛምታል። ሁለቱም የያዙት ቁራጭ እውነት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቋንጣ ሲደርቅ ምን ይሆናል?

ቋንጣ ማለት ጮማ የሌለበት ቀይ ሥጋ በረጅሙ ተዘልዝሎ፣ ጨው ነክቶት (አንዳንዴም በርበሬ፣ ቁንዶ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ተቀብቶ) ገመድ ወይም እንጨት ላይ ተሰቅሎ የደረቀ ማለት ነው። ከጥሬ ቀይ ሥጋ ውስጥ ከመቶ 75 ያህሉ ውኃ ነው። ይሄ ውኃ ሲተን የሥጋው ክብደት ይቀንሳል፤ ከ3 ኪሎ ጥሬ ሥጋ የሚወጣው 1 ኪሎ ገደማ ቋንጣ ነው።

ውኃው ሄደ እንጂ ሌላው ሁሉ እዚያው ነው። ወጥ እሳት ላይ ረስታችሁት ሲመጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ ልክ የነበረው ጨው አፍ የሚያቃጥል ይሆናል። ማንም ጨው አልጨመረበትም፣ ውኃው ነው የጎደለው። ቋንጣም እንዲሁ ነው። ፕሮቲኑ፣ አይረኑ፣ ጨው ሁሉ በአንድ ላይ ይጠነክራል።

እስኪ በቁጥር እንየው። ለ3 ኪሎ ሥጋ 60 ግራም ጨው፣ ማለትም ሦስት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ ብትጠቀሙ፣ ያ ጨው በሙሉ 1 ኪሎ ቋንጣ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ 50 ግራም ቋንጣ፣ አንድ እፍኝ የማትሞላ፣ 3 ግራም ጨው ይዛለች ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። የሻይ ማንኪያ አንዷ ማለት ነው። በርበሬው ውስጥ ደግሞ ሲፈጭ የገባ ጨው አለ፣ ሽሮው ውስጥም አለ። በሌላ በኩል ያቺው 50 ግራም 30 ግራም ያህል ፕሮቲን ትሰጣለች። ጥሩ ነገሯም፣ ሊያስጠነቅቅ የሚገባውም ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ታዲያ ለምን አይበሰብስም?

ሥጋን የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች ያለ ውኃ አይራቡም። ፀሐይና ነፋስ ውኃውን ያተናል፣ ጨው ደግሞ የቀረውን ከሥጋውም ከባክቴሪያውም ስቦ ያስራል። ስለዚህ ሥጋው ይቆያል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን።

ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። አያያዛችን ባክቴሪያው ሞቷል ብለን እንደምናምን ያሳያል። አልሞተም። ጎተራ ውስጥ ያለ ጤፍ አስቡ። ዓመት ሙሉ ደርቆ ይቀመጣል፣ ዘገንሽው ብትይ አሸዋ ነው፣ ሕይወት ያለው አይመስልም። ሐምሌ ላይ እርጥብ መሬት ሲነካ ግን በጥቂት ቀን ይበቅላል። ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የሚባሉት የሆድ ሕመም አምጪ ባክቴሪያዎችም ደረቅ ሥጋ ላይ እንደዚያ ተኝተው መቆየት ይችላሉ። ጥናት ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ከደረቁ በኋላ ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማሉ። እርጥብ ሳለ በቀላሉ የሚገድላቸው ሙቀት፣ ከደረቁ በኋላ ላይበቃቸው ይችላል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ቤት ውስጥ ሥጋ ለሚያደርቁ ሰዎች ሥጋው ከመድረቁ በፊት እስከ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሙቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ሥጋ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በሰው እጅና አፍንጫ ላይ ይኖራል፣ ጨውንም ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል። ሥጋው በደመናማ ቀን ሳይደርቅ ሦስት አራት ቀን ከተንጠለጠለ ይሄ ባክቴሪያ ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ባክቴሪያው ሲቀቀል ይሞታል፤ መርዙ ግን ብትቀቅሉትም አይጠፋም። አንዴ ከመረዘ በኋላ የወጥ ጎበዝ ብትሆኑ አታድኑትም። ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ደረቅ ሲሆን የተሰቀለ ቋንጣና ነሐሴ ላይ የተሰቀለ ቋንጣ አንድ አይደሉም የሚባለው ለዚህ ነው። በተለይ እንጅባራና አካባቢው ዝናቡ በርትቶ ሲከርም በፀሐይ ቋንጣ ማድረቅ ራሱ የማይሆን ነገር ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። በሬው ወይም ላሟ ታማ ሳትቆይ በድንገት ስትሞት «ሥጋው እንዳይባክን ቋንጣ እናድርገው» የሚባልበት ጊዜ አለ። ከብት ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያን ሁሉ ሥጋ መቅበር ልብ ይሰብራል። ግን እባካችሁ አታድርጉት። አባ ሰንጋ የያዘው ከብት ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ጀርም ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ድርቀትም ጨውም አይነካውም፣ የወጥ እሳትም አስተማማኝ አይደለም። መብላት ብቻ ሳይሆን ቆዳውን መግፈፍና ሥጋውን መዘልዘልም ያስይዛል። የሞተ ከብት ሳይከፈት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መነገር አለበት።

ጭሱ ምን ያደርጋል?

ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ቋንጣው ከምድጃው በላይ፣ ጣሪያው ሥር በተዘረጋው እንጨት ላይ ይሰቀላል። ከሥር እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል። የጎጃም ወጥ ቤት ቋንጣ ያቺን የጭስ ጣዕም የሚይዘው ከዚህ ነው።

ጭስ ሥጋን ማቆየቱ የእኛ ብልሃት ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ የአሳማ ሥጋ በጨው ታሽቶ በጭስ የሚቆይበት ልማድ ከጥንት ጀምሮ አለ። እኛ ዘንድ የአሳማ ሥጋ በአብዛኛው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ማዕድ አይቀርብም፤ የጨውና የጭስ ሥራ ግን በየትኛውም ሥጋ ላይ አንድ ነው። ጭስ ውስጥ ያሉ ነገሮች የሥጋውን ገጽ ሸፍነው ባክቴሪያና ሻጋታ ያዳክማሉ፣ ቅባቱ ቶሎ ጣዕሙን እንዳይለውጥም ይከላከላሉ። ዝንብም ጭስ ውስጥ አይቀመጥም።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጭስ ከላይ ነው የሚሠራው፤ ወደ መሀል አይገባም። ከምድጃ ርቆ የተሰቀለ ሥጋ የሚያገኘው ሙቀትም ለብ ያለ ነው፣ አያበስለውም። «ጭስ የመታው ስለሆነ እንዲሁ ይበላል» የሚለው አያስኬድም። ሁለተኛ፣ እንጨት ሳይነድ ሲጨስ፣ ቅባትም እሳት ላይ ሲንጠባጠብ ቤንዞፓይሪንን የመሳሰሉ ካንሰር አምጪ ነገሮች ይፈጠራሉ። ጥቀርሻ ውስጥ የሚጠራቀሙት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ቋንጣው የጭስ ሽታ ይኑረው እንጂ ጥቀርሻ አይልበስ። ደረቅ እንጨት፣ ራቅ ያለ መስቀያ። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ፌስታል ወይም ፕላስቲክ የሚቃጠልበት ምድጃ ላይ ደግሞ በጭራሽ አትስቀሉ። (ጭሱን ከቋንጣው በፊት የሚስበው ምድጃው ሥር የተቀመጠችው እናት ሳንባ መሆኑም አይረሳ።)

ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?

ወሬው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። በጥቅምት 2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ክፍል ከ10 አገር 22 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከ800 በላይ ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ውጤቱ፣ በጨው፣ በጭስ ወይም በሌላ መንገድ እንዲቆይ የተደረገ ሥጋ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ የሚል ነው። በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገቡት። ትንባሆም ያለበት ምድብ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የተደናገጠው።

ምድቡ የሚናገረው ግን ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፣ ጉዳቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። ሁለት ሰዎች ጥፋተኛ መሆናቸው በእርግጠኝነት ተረጋገጠ ማለት የሁለቱም ጥፋት እኩል ነው ማለት አይደለም፤ አንዱ በግ ሰርቆ ሌላው ሰው ገድሎ ሊሆን ይችላል። ስለ መጠኑ የተባለው ይሄ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሥጋ በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው የአንጀት ካንሰር ዕድሉ ከማይበላው በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምሳሌ ከመቶ ሰው 5 ሰው የሚይዝ በሽታ ቢሆን፣ ወደ 6 ይጠጋል ማለት ነው።

ቁልፏ ቃል «በየቀኑ» የምትለዋ ናት። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ቋሊማና የመሳሰሉትን ዘወትር በሚበሉ አገሮች ነው፣ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ደግሞ ናይትራይት የሚባል ማቆያ ይጨምራሉ። የቤታችን ቋንጣ ይሄ የለውም። ሆኖም ጨው ነክቶት፣ ጭስ መትቶት ስለሚቆይ ከትርጉሙ አያመልጥም። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን የሚጾም ቤት ቋንጣን በየቀኑ መብላት አይችልም፤ ይሄ በራሱ ትልቅ መከላከያ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሆቴል ቋንጣ ፍርፍር የለመደ የከተማ ሰው ግን ሒሳቡን ቢያስተካክል ጥሩ ነው ባይ ነኝ። በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ስገዛ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ስበሩት። የእኒያ እናት ዘዴ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ካልተሰበረ ወይም መሀሉ ከቀላ ገና ነው።

ከዚያ አሽትቱት። ጥሩ ቋንጣ የሥጋ፣ የጨው፣ ምናልባትም የጭስ ሽታ አለው። የኮመጠጠ፣ የበሰበሰ ወይም የከረመ ቅባት ሽታ ከሸተታችሁ ተዉት። ዳር ዳሩ ላይ ቢጫ ጮማ ካለበትም አትግዙ፤ ቅባት አይደርቅም፣ ቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው። ነጭ ነገር ካያችሁ ወዲያው አትደንግጡ። ጨው ሊሆን ይችላል። ጨው ሲነኩት እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል፣ እርጥብ ጣት ላይ ይሟሟል። ሻጋታ ግን እንደ ጥጥ ጠጉር አለው፣ አንዳንዴ አረንጓዴ ይሆናል። የሻገተውን ጠርጎ መብላት የለም።

በርበሬ በብዛት የተቀባ ቋንጣ ያምራል፤ ግን ምን እንደሸፈነ አይታወቅም። ብችል ያልተቀባውን እመርጣለሁ፣ በርበሬው ቤት አለኝ። አንድ ጊዜ መልኩ ብቻ ስቦኝ፣ በፌስታል ታስሮ የተቀመጠ በርበሬ የተቀባ ቋንጣ ገዝቼ ቤት ስፈታው ሥሩ ሻግቶ አግኝቼዋለሁ። ሙሉ ኪሎ ጣልኩ። ሻጩ ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም። ፌስታሉ ነው ያላበው።

ጥያቄም ጠይቁ። ሥጋው ቄራ ታርዶ ማኅተም የተመታበት ነው? የት ነው የደረቀው? መኪና አቧራ በሚያስነሳበት መንገድ ዳር ነው ወይስ ግቢ ውስጥ? ሐቀኛ ሻጭ በዚህ አይቆጣም።

እኔ ራሴ ባዘጋጅስ?

በጣም ጥሩ። ለፋሲካ ወይም ለገና ቅርጫ ስትገቡ ከድርሻችሁ ከታፋው ወይም ከወርቹ ጮማ የሌለበትን ለዩ። ሥጋው በታረደ ዕለት ይዘልዘል፣ አታሳድሩት። ቢላዋው የተሳለ፣ እጅ በሳሙና የታጠበ ይሁን። አዘላዘሉን አያቴ ስትሠራ ሳይ እደነቅ ነበር። ሥጋውን ወደ ጫፍ ትቆርጥና ሳትጨርሰው ታዞረዋለች፣ ከዚያኛው በኩል ደግሞ ትመልሳለች፣ እንዲህ እያለች ጡጫ የምታህል ሥጋ ክንድ የሚሞላ ዝልዝል ትሆናለች። የትም ቦታ ከትንሽ ጣት አይወፍርም። ወፍራም ዝልዝል ከላይ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች እርጥብ መሀል ነው።

ቋንጣውን ለመንገድ ስንቅ ወይም እንዲሁ ለመቆርጠም ካሰባችሁት ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። ቀጫጭኑን ዝልዝል ጨው ከመነካቱ በፊት በሚፈላ ውኃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ አንጠፍጥፋችሁ ጨው አድርጋችሁ ስቀሉት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባሕር ዳር በ94 ገደማ። ከሚያስፈልገው 71 በላይ ስለሆነ አትስጉ። መልኩ ትንሽ ይነጣል፣ ጣዕሙም ይለያል፣ አልዋሽም። ወጥ ውስጥ ገብቶ የሚበስል ከሆነ ግን ይሄ ግድ አይደለም።

መስቀያው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይሁን፣ ዝልዝሎቹ እርስ በርስ አይነካኩ። ማታ ጤዛ ሳይነካው ወደ ቤት አስገቡት። ዝንብ ለመከላከል ንጹሕ ሻሽ ወይም ስስ ነጠላ ከላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። የወባ አጎበር አትጠቀሙ። ቆላው ላይ በየቤቱ የታደለው አጎበር ፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ ነው፣ ለምግብ መሸፈኛ አይሆንም። ፍሊት መንፋትማ ጭራሽ አይታሰብም። ጊዜው እንደ አየሩና እንደ ውፍረቱ ከሁለት ቀን እስከ ሳምንት ይሄዳል። መቼ እንደደረሰ የምታውቁት ስትሰብሩት ነው።

የት ላስቀምጠው?

የደረቀ ቋንጣ ጠላቱ እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን ነው። መጀመሪያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ከፀሐይ አንስቶ ዕቃ ውስጥ መክደን ራሱ ላብ ያመጣል። ከዚያ ክዳኑ የሚገጥም የጠርሙስ ወይም የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ፌስታል አይሆንም።

የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ጠርሙሱን እዩት። ግድግዳው ላይ ላብ መሰል ጠብታ ካለ ሥጋው አልደረቀም ማለት ነው፤ አውጥታችሁ መልሳችሁ አድርቁት። ይቺ የሳምንት ፈተና ብዙ ኪሎ ቋንጣ ታድናለች።

ምን ያህል ይቆያል? ቀድሞ የጠቀስኩት የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ቤት ውስጥ ለደረቀ ሥጋ የሚሰጠው ከ1 እስከ 2 ወር ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እንግዲህ ለቅበላ ተከድኖ የተቀመጠ ቋንጣ ለፋሲካ ሲከፈት ጊዜው ጫፍ ላይ ደርሷል። ፍሪዘር ያለው ሰው ከቅበላው ማግስት ፍሪዘር ውስጥ ቢያስገባው ሐሳብ የለውም፣ ለወራት ይቆያል። ፍሪዘር የሌለው በጾሙ መካከል አንድ ሁለቴ ከፍቶ ያሽትተው፣ ፀሐይ ያስመታው። ፀጉራም ትልና ጥቃቅን ጥንዚዛም ደረቅ ሥጋ ይወዳሉ፣ ዱቄት መሰል ነገር ከሥሩ ካያችሁ እነሱ ናቸው። ሰኔ ከገባ በኋላ ያለ ፍሪዘር ብዙ ቋንጣ ማከማቸትን አልመክርም።

እንዴት ላብስለው?

ቋንጣውን አጫጭር አድርጋችሁ ስበሩ፣ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። ጥቀርሻውና አቧራው ይሂድ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉትና ውኃውን ድፉት። ጣዕሙ ይሄዳል ብላችሁ አትሳሱ፤ የሚሄደው በአብዛኛው ጨው ነው። ጠዋት ለመሥራት ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ግን የለም። ጤፉን አስታውሱ። ውኃ ነካው ማለት የተኛው ነቃ ማለት ነው።

ሽንኩርቱ በርከት ይበል። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውኃ ብቻ እየጨመራችሁ አቁላሉት። ከዚያ ትንሽ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። ቋንጣውን ከአንድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጋር ጨምሩና ክዳኑን ገጥማችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንተክተክ። እርጥብ ሙቀት ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ባክቴሪያውንም፣ ሥጋው ውስጥ ካለ የኮሶ ትል እጩንም ይገድላል፤ በትኩስ ዘይት ላይ አንዴ አገላብጦ ማውጣት ግን ከላይ ያሳርራል እንጂ መሀሉን አያረጋግጥም። ለአራት ሰው 100 ግራም ቋንጣ በቂ ነው። ጨው የምትጨምሩት መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ቅቤ ካላችሁ ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ማንኪያ ለሽታዋ ጣል አድርጉ፤ ከሥር ጀምሮ በቅቤ የሚዋኝ ፍርፍር ለልብ ከባድ ነው።

ከጎኑ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም የተቀቀለ ጎመን አድርጉ። ቃሪያና ቲማቲም ያላቸው ቫይታሚን ሲ የጤፉን አይረን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ሻይና ቡና ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፣ ስለዚህ ቡናው ከምግቡ ጋር ባይመጣ፣ ትንሽ ቢቆይ ይሻላል። ደም ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው፣ ሪህ የሚያመው ሰው ስለ ቋንጣ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅ ያልበሰለ ቋንጣ አይቆርጥሙ።

የእኔ ምርጫ ግን ፍርፍሩም አይደለም። ሽሮ ነው። አያቴ ሁለት ዝልዝል ቋንጣ ወስዳ በሙቀጫ ትወቅጣለች፣ እንደ ጭድ እስኪሆን። ያን ታጥባ ከሽንኩርቱ ጋር ታንተከትከዋለች፣ ለስለስ ሲል ሽሮውን ትበትንበታለች። ከአምስት ሰው በላይ እንበላበት ነበር። ፕሮቲኑ ከአተሩና ከሽምብራው ይመጣል፣ ቋንጣው ጣዕሙንና ያቺን የጭስ ሽታ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ጨውና ጭስ ደግሞ ጥቂት ነው። ከገበያ ይዤው የተመለስኩትንም ቋንጣ እንግዶቹ ፍርፍር በልተው ከሄዱ በኋላ የሠራሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ግማሽ ኪሎዋ ጥር አልቆ የካቲት እስኪገባ አደረሰችኝ።